ዳባ፣ ቾፕ ባርና ማኪ፦ የደቡብ እስያና የምዕራብ አፍሪካ ተራ ምግብ ቤቶች ከማሳ እስከ ማዕድ

በሕንድ ትንንሽ ከተሞች «ሆቴል» የሚል ጽሑፍ ወደተለጠፈበት ቤት የሚገባ መንገደኛ አልጋ ላያገኝ ይችላል። የሚቀርብለት ሩዝ፣ ክክ ወጥና ትኩስ ሻይ ነው። በኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞችም «ሆቴል» የሚለው ቃል ከመኝታው ይልቅ ለምግብ ቤቱ መጠሪያ ሆኖ ማገልገሉን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱም ሀገራት ከቤቱ ርቆ የሚውለው ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ የሚመገበው በእንዲህ ያሉ ቤቶች ነው።

ሕንድን፣ ፓኪስታንንና ባንግላዴሽን በሚያቅፈው ደቡብ እስያ፣ እንዲሁም ጋናን፣ ናይጄሪያን፣ ኮትዲቯርንና ሴኔጋልን በሚያካትተው ምዕራብ አፍሪካ ተራ ምግብ ቤቶች የከተማው ሕዝብና የገበሬው ምርት የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። በአንድ ሳህን ላይ የሚቀርበው ምግብ የሀገሩ ገበሬ ምን እንደሚያመርት፣ ምን ከውጭ እንደሚገባና የምግብ ዋጋ በማን እጅ እንዳለ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የምግብ ቤት ዓይነቶች፣ የሚያቀርቧቸውን ምግቦችና ከኢትዮጵያ ማሳ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይዳስሳል።

ዳባ፦ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማዕድ

ዳባ በሰሜን ሕንድና በፓኪስታን አውራ ጎዳናዎች ዳር የሚገኝ ምግብ ቤት ነው። መነሻው የእህል ሀገር በሆነችው ፑንጃብ እንደሆነ ይነገራል። ከባንግላዴሽን ተነሥቶ ሕንድንና ፓኪስታንን በማቋረጥ እስከ ካቡል የሚዘልቀው ጥንታዊው ግራንድ ትራንክ መንገድ ለእነዚህ ቤቶች መስፋፋት ምክንያት ሆኗል። ከዴልሂ በስተሰሜን በሃርያና ግዛት የምትገኘው ሙርታል የተባለች ቦታ በዳባዎቿ ብዛት ትታወቃለች። መንገደኞች እዚያ የሚያቆሙት በድንች ተሞልቶ የተጋገረውን ቂጣ በነጭ ቅቤ ለመመገብ ነው።

በጥንቱ ዳባ ደንበኛው የሚቀመጠው በገመድ በተጠለፈና «ቻርፓይ» በሚባል የእንጨት አልጋ ላይ ነው። የቃሉ ትርጉም ባለ አራት እግር ማለት ሲሆን፣ መልኩ የኢትዮጵያን የጠፍር አልጋ ይመስላል። ሾፌሩ ከተመገበ በኋላ በዚያው ላይ ጋደም ብሎ ጥቂት ያርፋል። ምግቡ የሚዘጋጀው ታንዱር በሚባል የሸክላ ምድጃ ነው። ታንዱር በከሰል ወይም በእንጨት የሚነድ፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ጥልቅ ምድጃ ሲሆን፣ ሊጡ በጋለው የውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በአጭር ጊዜ ይበስላል።

ከቂጣው ጋር የሚቀርበው ዋና ወጥ ክክ ነው። «ዳል» የሚለው ቃል የተከካውንም ጥራጥሬ ከእርሱ የሚሠራውንም ወጥ ይጠራል። ምስር፣ ማሾ፣ ሽምብራ፣ የርግብ አተርና ኡራድ የተባለው ጥቁር ጥራጥሬ ሁሉም ዳል ይሆናሉ። ኡራድ በዝግታ እሳት ለብዙ ሰዓታት ከበሰለ በኋላ በቅቤና በክሬም የሚያልቀው «ዳል ማክኒ» ከዳባ ምግቦች ሁሉ ታዋቂው ነው። በሌላው ወጥ ላይ ደግሞ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ በጋለ ንጥር ቅቤ ተቁላልተው መጨረሻ ላይ ይፈሱበታል።

የ1947 እ.አ.አ. የሕንድና የፓኪስታን መከፋፈል በዚህ የምግብ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ድንበር አቋርጠው የተሰደዱ የፑንጃብ ተወላጆች በዴልሂና በሌሎች ከተሞች አዲስ ሕይወት ሲጀምሩ ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት ሀብት የማብሰል ሙያቸው ነበር። ቀደም ሲል በሰሜን ምዕራብ አካባቢ ተወስኖ የነበረው የታንዱር ምግብ በመላው ሕንድ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

የቦካው ሊጥ ቤቶችና የዳጉሳው እንክብል

በደቡብ ሕንድ ደግሞ የኡዱፒ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ስያሜያቸውን ያገኙት በካርናታካ ግዛት ካለችው የኡዱፒ ከተማ ነው። ሥጋ አያቀርቡም፤ በኢትዮጵያ አነጋገር ከቅቤውና ከእርጎው በስተቀር የጾም ቤት ሊባሉ ይችላሉ። የታወቁበት ምግብ ዶሳ ነው። ሩዝ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ፣ ኡራድ ከአንድ እጅ ተመጥነው ለየብቻ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያም ተፈጭተውና ተቀላቅለው ሌሊቱን እንዲቦኩ ይተዋሉ። ጠዋት ሊጡ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በክብ ቅርጽ ይሰፋል። ሊጡ መቡካቱና በምጣድ ላይ መዘርጋቱ ከእንጀራ ጋር የሚያመሳስለው ሲሆን፣ በዘይት ስለሚጋገር ግን ጠርዙ ይደርቃል። ያው ሊጥ በትንንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ተደርጎ በእንፋሎት ሲበስል ኢድሊ ይባላል።

እህልና ጥራጥሬን አንድ ላይ ማቡካት ለጤናም ይጠቅማል። እህሉ የሚያንሰውን ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ይሞላል፤ ቡኮው ደግሞ ምግቡን ለመፈጨት ቀላል ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ገበሬ እንጀራን ከሽሮና ከክክ ጋር ሲያቀርብ የሚያገኘው ጥቅም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

የምግብ እጥረትም አዲስ ምግብ ይወልዳል። በቤንጋሉሩ ከተማ በ1924 እ.አ.አ. የተመሠረተው ኤም ቲ አር የተባለ ምግብ ቤት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሩዝ ሲጠፋ ኢድሊን ከስንዴ ቅንጬ መሰል ዱቄት መሥራት እንደጀመረ ይናገራል። «ራቫ ኢድሊ» የተባለው ይህ ምግብ ጦርነቱ አልፎም ሩዝ ተመልሶ ከገበታው አልጠፋም።

በዚሁ በካርናታካ ግዛት ለኢትዮጵያ ገበሬ የበለጠ ትኩረት የሚስብ ምግብ አለ። «ራጊ ሙዴ» ይባላል። ራጊ ማለት ዳጉሳ ነው። የዳጉሳ ዱቄት በፈላ ውሃ እንደ ገንፎ ከተማሰለ በኋላ በእጅ ተድቦልቡሎ በትልቅ እንክብል መልክ ይቀርባል፤ ተመጋቢው ቆርሶ በወጥ እየነከረ ሳያኝክ ይውጠዋል። የሥጋ ወጥ የሚያቀርቡና «ሚሊታሪ ሆቴል» የሚባሉ የቤንጋሉሩ ተራ ምግብ ቤቶች በዚህ ምግብ ይታወቃሉ። ዳጉሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የለማው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባሉ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች ሲሆን፣ ወደ ሕንድ የተሻገረው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። ዛሬ ካርናታካ በሕንድ ከፍተኛውን የዳጉሳ ምርት የምታመርት ግዛት ናት። በጎጃም ለእንጀራ፣ ለጠላና ለአረቄ የሚውለው እህል በሕንድ የምግብ ቤት ዋና ምግብ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት 2023 እ.አ.አ.ን የዳጉሳና መሰል ጥቃቅን እህሎች ዓመት ብሎ ሲሰይም ጤፍም ከእነዚሁ እህሎች መካከል ተቆጥሯል።

መንግሥት የከፈታቸው ተራ ምግብ ቤቶችም አሉ። የታሚል ናዱ ግዛት በ2013 እ.አ.አ. በቼናይ ከተማ «አማ ኡናቫጋም» የተባሉ ምግብ ቤቶችን ከፍቶ አንድ ኢድሊ በአንድ ሩፒ፣ አንድ ሳህን ሩዝ ከክክ ወጥ ጋር በአምስት ሩፒ ማቅረብ ጀመረ። ልዩነቱን የሚሸፍነው የመንግሥት ድጎማ ነው።

ቾፕ ባርና ቡካ፦ ሙቀጫውና እናቶቹ

በጋና ተራ ምግብ ቤት ቾፕ ባር ይባላል። «ቾፕ» በምዕራብ አፍሪካ የፒጂን ቋንቋ መብላት ማለት ነው። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። ከጓሮ የሚሰማው የሙቀጫ ድምፅ ምግብ መድረሱን ያበሥራል። የሚወቀጠው ፉፉ ነው። የተቀቀለ ካሳቫና ለማብሰያ የሚሆን የሙዝ ዓይነት በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ይጨመራል፤ አንዱ በረጅም ዘነዘና ይወቅጣል፣ ሌላው በእርጥብ እጁ በየምቱ መካከል ሊጡን ይገለብጣል። ሁለቱ በስልት ካልተግባቡ እጅ ይጎዳል። ሊጡ ለስልሶና ተሳስቦ ሲወጣ በሾርባ ውስጥ ተቀምጦ ይቀርባል፤ ሾርባው ከኦቾሎኒ፣ ከዘንባባ ፍሬ ወይም ከቲማቲምና ከበርበሬ ይሠራል። ፉፉም እንደ ራጊ ሙዴ ሳይታኘክ ይዋጣል።

ባንኩ የተባለው ምግብ ከቦካ የበቆሎና የካሳቫ ሊጥ ይማሰላል። ኬንኬ ደግሞ የቦካ የበቆሎ ሊጥ ከፊሉ ተማስሎ ከቀሪው ጋር ከተለወሰ በኋላ በበቆሎ ሽፋን ወይም በሙዝ መሰል ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀላል። ጥቅሉ ምግቡን ለቀናት ስለሚያቆየው መንገደኛና ዓሣ አጥማጅ ስንቅ ያደርገዋል።

ለማሽላ አምራቾች የሚያስገርመው የጋና ምግብ ዋቼ ነው። ሩዝና ካውፒ የተባለው ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲቀቀሉ የደረቀ የማሽላ አገዳ ልባስ ይጨመርባቸዋል። ልባሱ ውሃውን ቀይ ቡናማ ቀለም ያለብሰዋል፤ ምግቡ ከበሰለ በኋላ ተለይቶ ይጣላል። በጋና ገበያዎች ይህ የማሽላ ልባስ ታስሮ ይሸጣል። ገበሬው ከእህሉ በተጨማሪ ለከብት መኖ ወይም ለማገዶ ከሚውለው የአገዳ ክፍል ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው። ዋቼ ከእንቁላል፣ ከፓስታ፣ ከተቆላ የካሳቫ ዱቄትና «ሺቶ» ከተባለ የደረቀ ዓሣ ካለበት ጥቁር ዳጣ ጋር ይቀርባል።

በናይጄሪያ ተመሳሳዩ ቤት ቡካ ይባላል። «ማማ ፑት» የሚል የቁልምጫ ስምም አለው፤ ደንበኞች ጭልፋ የያዘችውን እናት «ማማ፣ ጨምሪልኝ» ከማለታቸው የመጣ ነው። እዚያ የሚወቀጠው በብዛት ቦዬ ነው። የደረቀ የቦዬ ዱቄት በፈላ ውሃ ሲማሰል አማላ የሚባል ጥቁር ቡናማ ገንፎ ይሆናል፤ በኢባዳን ከተማ ይህ ምግብ ልዩ ክብር አለው። አብረው ከሚቀርቡት ወጦች አንዱ ኤጉሲ ነው። እርሱም ከሐብሐብ ዝርያ የሚገኝ ዘር ተፈጭቶ ከቅጠላ ቅጠልና ከፓልም ዘይት ጋር የሚሠራ ነው። ባሚያም ተወዳጅ ወጥ ነው። ባሚያን በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ከገንፎ ጋር መመገብ የተለመደ በመሆኑ የእነዚያ አካባቢዎች ሰው በናይጄሪያ ቡካ ቢቀመጥ ገበታው አይጠፋውም።

ምሽት ላይ ደግሞ የሱያ ተራ ነው። ሱያ የሐውሳ ሕዝብ ጥብስ ሲሆን፣ ስስ ሆኖ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ በእንጨት ተሰክቶ፣ በኦቾሎኒ ፋጉሎ፣ በዝንጅብልና በበርበሬ ዱቄት ተለውሶ በፍም ዙሪያ ይጠበሳል። በጋዜጣ ወረቀት ተጠቅልሎ ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ይሰጣል።

ማኪና ዲቢትሪ

የኮትዲቯር ተራ ምግብ ቤት ማኪ ይባላል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ቁጥቋጦ ወይም ጫካ ማለት ነው። ስያሜው የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ፈቃድ ሳያወጡ በስውር ይሠሩ ከነበረበት ዘመን የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ በአቢጃን በየሰፈሩ ዛፍ ወይም ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ተለይቶ የሚታወቀው ምግብ አቲዬኬ ነው። ካሳቫ ተልጦ፣ ተፍቆ፣ ቦክቶ፣ ውሃው ተጨምቆ፣ እንደ ቅንጬ ተበጥሮ በእንፋሎት ይበስላል። ከተጠበሰ ዓሣ ወይም ዶሮ ጋር ይቀርባል። ይህን የማዘጋጀት ሙያ ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርሱት የኖሩት ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2024 እ.አ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

መፋቁ፣ መቡካቱና መጨመቁ ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም። መራራው ካሳቫ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ውህድ ይዟል። በአግባቡ ካልተዘጋጀ ሰውን ይመርዛል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደግሞ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ካሳቫ በሚመረትባቸው የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች፣ በተለይም በጋሞ፣ በጎፋና በወላይታ፣ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ልጦ መዘፍዘፍ ወይም ማቡካት፣ ውሃውን መድፋት፣ በፀሐይ ማድረቅና በደንብ ማብሰል አደጋውን ይቀንሳል።

በሴኔጋል ዲቢትሪ የሚባሉት ቤቶች የበግ ሥጋ በእንጨት እሳት ጠብሰው ከሽንኩርትና ከሰናፍጭ ጋር ያቀርባሉ። የምሳው ምግብ ግን ቼቡ ጄን ነው። ዓሣ፣ ሩዝ፣ ቲማቲምና እንደ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ካሳቫ ያሉ አትክልቶች በአንድ ድስት ይበስላሉ፤ ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች ከአንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ይመገባሉ። ይህም ምግብ በ2021 እ.አ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በመላው ምዕራብ አፍሪካ የሚወደደው ጆሎፍ ሩዝ ስሙን ያገኘው ከሴኔጋል የዎሎፍ ሕዝብና ከጥንታዊ ግዛቱ ነው። ማን የተሻለ ይሠራዋል በሚለው ጋናውያንና ናይጄሪያውያን ዘወትር ይፎካከራሉ።

ሁለቱን ገበታዎች ያስተሳሰረው ሩዝ

ከዳካር እስከ ኮቶኑ ባሉ ምግብ ቤቶች ከሚበላው ሩዝ ከፍተኛው ክፍል ከእስያ በመርከብ የሚመጣ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ምዕራብ አፍሪካ በኒጀር ወንዝ አካባቢ ከሺህ ዓመታት በፊት የለማ የራሱ የሩዝ ዝርያ ነበረው። በቅኝ ግዛት ዘመን ግን ፈረንሳይ የሴኔጋል ገበሬ ለዘይት ፋብሪካዎቿ ኦቾሎኒ እንዲያመርት አደረገች፤ ለምግቡ ደግሞ በዚያን ጊዜ በእጇ ከነበረችው ኢንዶቻይና ስብርባሪ ሩዝ ታመጣለት ጀመር። የከተማው ሰው ስብርባሪውን ሩዝ ለመደ። ቼቡ ጄንም ዛሬ ድረስ የሚመረጠው በዚሁ ስብርባሪ ሩዝ ነው። የአባቶች እህል የነበሩት ማሽላ፣ ዘንጋዳና ፎኒዮ ወደ ገጠር ማዕድ አፈገፈጉ።

የዚህ ልማድ ዋጋ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። ከዓለም የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማ የምትይዘው ሕንድ የሀገር ውስጥ ዋጋን ለማረጋጋት በመስከረም 2022 እ.አ.አ. ስብርባሪ ሩዝ፣ በሐምሌ 2023 እ.አ.አ. ደግሞ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። የዓለም የሩዝ ዋጋ ከ2008 እ.አ.አ. ቀውስ ወዲህ ወዳልታየ ደረጃ ወጣ። በነጭ ሩዝ ላይ የተጣለው ክልከላ የተነሣው በመስከረም 2024 እ.አ.አ.፣ በስብርባሪው ላይ የተጣለው ደግሞ በ2025 እ.አ.አ. ነው። በዴልሂ የተፈረመ ትእዛዝ በዳካር የምሳ ዋጋ ላይ ደረሰ ማለት ይቻላል። የሴኔጋል መንግሥት በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ የመስኖ ሩዝ ለማስፋፋት ለረጅም ዓመታት ሲጥር የኖረውም ከዚህ ጥገኝነት ለመላቀቅ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ሩዝ በከተሞች ገበታ ላይ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባው ሩዝ ትልቅ ክፍል ከሕንድ ይመጣል። በሌላ በኩል በደቡብ ጎንደር የፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ቀድሞ ውሃ ይተኛበት የነበረውን መሬት ለሩዝ በማዋል ሀገሪቱ ከሚታወቁባት የሩዝ አካባቢዎች አንዱን ፈጥረዋል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚያው ነው። ፎገራዎች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ መጋገራቸው አዲስን እህል ለነባሩ ምግብ የማዋል ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገር ግን የከተማ ምግብ ቤቶች ከውጭ የገባውን ሩዝ የሚመርጡት ስላልተሰባበረና ከጠጠር የጸዳ ስለሆነ ከሆነ፣ የፎገራው ገበሬ ድካም በወፍጮ ቤት በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሩዙ ሲታጨድና ሲደርቅ የሚደረግ ጥንቃቄ፣ የተሻለ መፈልፈያና ማበጠሪያ የገበያ ጉዳይ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ባሕር የተሻገሩት ማዕዶች

የደቡብ እስያ ምግብ ቤት በብሪታንያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ከፓትና ከተማ የመጣው ዲን መሐመድ በ1810 እ.አ.አ. በለንደን የሕንድ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ወጪው ስለበዛበት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረ። ቪራስዋሚ የተባለው ደግሞ በ1926 እ.አ.አ. ተከፈተ። በየመንደሩ የሚገኙትን «የከሪ ቤቶች» የመሠረቱት ግን በአብዛኛው የባንግላዴሽ ሲልኸት አካባቢ ተወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ በእንግሊዝ መርከቦች የድንጋይ ከሰል ሲያነዱ ከኖሩ በኋላ ወደብ ላይ የቀሩ መርከበኞች ነበሩ። በ2001 እ.አ.አ. የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ በእነዚህ ቤቶች የሚቀርበውን ቲካ ማሳላ የተባለ የዶሮ ወጥ የእንግሊዞች እውነተኛ ብሔራዊ ምግብ ሲሉ ጠርተውታል። ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች እየተዘጉ ነው። የምግብ አብሳይ ቪዛ ጠብቋል፣ ወጪ ጨምሯል፣ የባለቤቶቹ ልጆችም ተምረው ሌላ ሙያ መርጠዋል።

የምዕራብ አፍሪካ ምግብም በደቡብ ለንደኑ ፔክሃምና በኒው ዮርክ ሃርለም፣ «ትንሿ ሴኔጋል» በምትባለው 116ኛ ጎዳና ላይ ቦታውን ይዟል። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ደግሞ የሕንድና የፓኪስታን ካፍቴሪያዎች የስደተኛው ሠራተኛ ማዕድ ናቸው። እዚያ የሠሩ ኢትዮጵያውያንም በወተት የፈላውን ቅመም ያለው ሻይና ቢሪያኒ የተባለውን የሥጋ ሩዝ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ከኢትዮጵያ ማሳ ጋር ያለው ዝምድና

ሕንድ በዓለም ትልቋ ጥራጥሬ አምራችም፣ ተመጋቢም፣ ገዢም ናት። የኢትዮጵያ ሽምብራ፣ ማሾና ቀይ ቦሎቄ ከሚሸጡባቸው ሀገራት መካከል ሕንድና ፓኪስታን ይገኙበታል። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች የሚመረተው ማሾ በሀገር ውስጥ ገበታ ብዙም ሳይታወቅ ለውጭ ገበያ ሲል የተስፋፋ ሰብል ነው። ይህ ጥቅምም ስጋትም አለው። የገዢው ሀገር ምርት ሲሰምር ወይም የቀረጥ መመሪያው ሲለወጥ ዋጋው በድንገት ይወርዳል፤ በቤት ውስጥ መብላት ካልተለመደ ደግሞ ገበሬው ምርቱን የሚያዞርበት ሌላ መንገድ የለውም። ማሾን እንደ ክክ ወጥ፣ እንደ ሾርባ ወይም ከሩዝ ጋር ቀቅሎ መመገብ የከበደ ሙያ አይጠይቅም።

የቅመሙ ዝምድናም የጠበቀ ነው። አብሽ፣ ድምብላል፣ ከሙን፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ እርድና ዝንጅብል በሕንድ ወጥ ቤትም በኢትዮጵያ ጓዳም የሚገኙ ናቸው። የኢትዮጵያ ኮረሪማና በምዕራብ አፍሪካ ወጥ የሚጨመረው «የገነት ፍሬ» የተባለ ቅመም የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው። ኑግም ከኢትዮጵያ ሌላ በብዛት የሚመረተው በሕንድ ነው። በርበሬ ግን ለሦስቱም እንግዳ ነበር፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ከአምስት መቶ ዓመት ወዲህ ነው።

ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ ጎተራ የደረሰ ጠቃሚ ነገርም አለ። «ፒክስ» በመባል የሚታወቀው አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት መጀመሪያ የተሠራው በካሜሩን የካውፒን ምርት ከነቀዝ ለማዳን ነበር። በውስጥ ያሉት ሁለት ላስቲኮች በደንብ ሲታሰሩ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከረጢቱ የሚሠራው እህሉ በደንብ ከደረቀና ላስቲኩ ካልተቀደደ ብቻ ነው።

ቤቶቹ እንዴት ይቆማሉ?

ዳባም ሆነ ቾፕ ባር የሚያተርፉበት መንገድ ይቀራረባል። የምግቡ ዝርዝር አጭር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ወጥ በትልቅ ድስት ይሠራል። አስቤዛው በየጠዋቱ ከቅርብ ገበያ ስለሚገዛ ማቀዝቀዣ ብዙም አያስፈልግም። ደንበኛ ቶሎ በልቶ ቶሎ ይነሣል፤ ትርፉ ከአንዱ ሳህን ጥቂት ሲሆን ከብዛቱ ይሰበሰባል። ለታወቀ ደንበኛ ዱቤ ይሰጣል። ይህ አሠራር ለአካባቢው ገበሬ በየቀኑ የሚገዛ ደንበኛ ይፈጥርለታል፤ ባለቤቶቹ ከሴቶች ማኅበራትና ከጎመን፣ ከሽንኩርት ወይም ከጥራጥሬ አምራቾች ጋር ቀጥታ ሲተሳሰሩ ደግሞ የደላላው ድርሻ ይቀንሳል።

ችግሮቹም የጋራ ናቸው። የመጀመሪያው ማገዶ ነው። በየቀኑ የሚነደው እንጨትና ከሰል ደንን ያራቁታል፤ ጭሱም የአብሳዮቹን ሳንባና ዓይን ይጎዳል። ሁለተኛው የምግብ ደኅንነት ነው። የበሰለ ሩዝ ለረጅም ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ከቆየ እንደገና ቢሞቅ እንኳ የማይጠፋ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋሲ ያፈራል። ሦስተኛው በኦቾሎኒ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ በማብሰልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መከላከያው በገበሬው እጅ ነው። ምርቱን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ማድረቅ፣ እርጥበቱ ሳይወጣ በከረጢት አለመክተት፣ የሻገተውንና የጨማደደውን ፍሬ ለቅሞ ማስወገድ ያስፈልጋል።

የካርናታካ ገበሬ ዳጉሳ በከተማ ምግብ ቤቶች ይፈለጋል። የሴኔጋል ገበሬ ደግሞ የከተማው ማዕድ ወደ ውጭ ሩዝ ሲዞር የማሽላና የፎኒዮው ገበያ ጠብቦበታል። በኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞችም ምሳ ሰዓት ላይ በየሆቴሉ የሚታዘዘው ምግብ በሚቀጥለው ክረምት በዙሪያው ባሉ ማሳዎች ምን እንደሚዘራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።